በሁለቱም በኩል ማስያዝ

ዴ ሞይን፣ ሚያዝያ 18

ሐመልማል፣

ደህና ነኝ፤ ጉሮሮዬ ግን ገና አልዳነም። ባለፈው እሑድ በስልክ የጮህኩት ጩኸት ያመጣብኝ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የሚሉኝን በጽሑፍ ይበሉኝ፤ በስልክ ሲሆን ከቃልዎ ቁጣዎ ይቀድማል» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ልክ ነሽ። ባልሽ፣ ወንድሜ ልዑልቃልም በሕይወት ሳለ ይህንኑ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ስልክ አይዘጋብኝም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይቅርታ የጠየቅሁት ስለ ጩኸቱ ነው እንጂ ስለ ሐሳቡ አይደለም።

የላክሽልኝ ሹራብ ደርሷል። የግራ እጅጌው ከቀኙ ይረዝማል። አመሰግናለሁ፤ ይኸው ለብሼው ነው የምጽፍልሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ የጀመርሽው ውርርድ ቁማር ነው ወይስ አይደለም ላልሽው። ዕድሜዬን ሙሉ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ኖሬ ነገሩን ሳልመረምር «ኃጢአት ነው» ብዬ መጮኼ አሳፍሮኛል። ስለዚህ ተቀምጬ ሠራሁት። አንደኛው አወራራጅ ድርጅት ደንበኛ ለመሳብ ነጻ ውርርድ ይሰጥሻል። በዚያ ነጻ ውርርድ አንዱ ቡድን ያሸንፋል ብለሽ ታስይዣለሽ። በሌላ ድርጅት ደግሞ በራስሽ ገንዘብ ተቃራኒው ያሸንፋል ትያለሽ። ማንም ያሸንፍ ማን አንዱ ይከፍልሻል፤ ካወጣሽውም በላይ ትንሽ ይተርፍሻል። ትርፉ የሚመጣው ከዕድል ሳይሆን ከስጦታው ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የተሳሳትሽው ሌላ ቦታ ነው። ካሽባክ በሚሰጠው ክሬዲት ካርድሽ እየከፈልሽ ብትወራረጂ ከውርርዱም ላይ ተመላሽ የምታገኚ መስሎሻል። የካርዱን ውል አንብቤዋለሁ። መጨረሻው ላይ፣ የጉንዳን ዓይን በሚያክል ፊደል፣ ለውርርድ የተከፈለ ገንዘብ እንደ ግዢ እንደማይቆጠር ተጽፏል። ከባንክ በጥሬው እንደተበደርሽ ነው የሚቆጠረው። ካሽባክ የለውም፤ ቅጣት የመሰለ ክፍያ አለው፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ለውርርዱ በባንክ ያለሽን የራስሽን ገንዘብ በዴቢት ካርድ ተጠቀሚ። ክሬዲት ካርዱን ለአስቤዛና ለቤንዚን አድርጊው፤ ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ክፈይ። ካሽባክሽ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ወይም ደግሞ ይህ ሁሉ ቀርቶ የልጅሽን የሃሴትን የመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተርም እኔ ልክፈል። መልስሽን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ጠይቄያለሁ።

መልከጸዴቅ


ኦሮራ፣ ሚያዝያ 27

ለተከበሩ ጋሼ መልከጸዴቅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የዴ ሞይን ዝናብ ለቀቅ አድርጎልዎታል? ሃሴት ሳህን ሳታጥብ ትሄዳለች ብለው እንዳይቀየሟት፤ እኔ ነኝ ያበላሸኋት። እኛ ጋ በረዶው ቀልጧል። የኤርፖርቱን ሻትል አውቶቡስ ስነዳ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ነው የምትወጣው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ውሉን ስላነበቡልኝ በጣም አመሰግናለሁ። እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት፤ ያስከፈሉኝንም አየሁት። አሁን አስተካክያለሁ። ይህን ነገር ያስተማረኝ እዚህ ኤርፖርቱ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ዘካሪያስ ነው። እሱ ስለ ካርዱ አልነገረኝም። ስጠይቀው «እኔ ዴቢት ነው የምጠቀመው፣ ክሬዲት ብዬሻለሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ሻይ ጋበዘኝ።

እኔ ልክፈል ስላሉት። ጋሼ፣ ልዑልቃል ሲሞት የቀብሩን ነገር ያሰናዱት እርስዎ ነዎት። ሃሴት እዚያው አጠገብዎ ሲያትል ለትምህርት ስትገባ ክፍልዎን ለቀው ሳሎን የተኙት እርስዎ ነዎት። ሦስት ዓመት የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አንስተው አያውቁም። የትምህርቷን ክፍያ እስከ ዛሬ በሁለት ሥራ ችዬዋለሁ። ዘንድሮ ወገቤን ካመመኝ በኋላ አንዱን ሥራ ተውኩት፤ የቀረው ይኼ አንድ ተርም ነው። መስከረም ላይ ካልተከፈለ ከምዝገባ ትሰረዛለች፤ ታኅሣሥ መመረቋ ይቀራል። አውቃለሁ። ግን «ልጄን አስተማርኩ» የምልበት የቀረኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው። እሱንም ከሰጠሁዎት ባዶ እጄን መቅረቴ ነው።

እባክዎ አይቆጡ። ከተቆጡም ይጻፉት።

አክባሪዎ ሐመልማል


ዴ ሞይን፣ ሰኔ 10

ሐመልማል፣

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ አልፎልኛል። ያለ ፈቃድሽ አንዲት ሳንቲም እንደማልከፍል ቃሌን ሰጥቼሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ አትጠይቂኝ።

ሃሴት በልታ ታድራለች ወይ ላልሽው፦ ትበላለች፤ የኔንም ትበላለች። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ወይ ላልሽው፦ እኔ ስሄድ ትሄዳለች፤ ቅዳሴ መካከል ስልኳን ታያለች፤ በክርኔ እጎሽማታለሁ፤ በክርኗ ትመልስልኛለች። ትናንት «ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ይሸፈናል» ብዬ ስጮህ «አጎቴ፣ ዩ ሃቭ ኤ ሩል ፎር ኤቭሪቲንግ» አለችኝ። አዎ፣ አለኝ። ለሁሉም ነገር ደንብ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚያባክን አላየችም።

የላክሽልኝን የሁለት ወር የውርርድ መዝገብሽን አየሁት። ንጹሕ ነው። እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ትተሻል፤ ይህን ለተማሪዎቼ በስንት ጩኸት ነው የማስተምረው። የምታተርፊው ገንዘብ ግብር እንዳለበት አትርሺ፤ አሁኑኑ ለይተሽ አስቀምጪለት። ያበሳጨኝ የድርጅቶቹ መልእክት ነው። «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው!» ይላል። የማን ቀን እንደሆነ በምን አወቁ? ሰው የሚከስርበትን ነገር በልደት ካርድ ቋንቋ ይጽፉታል! አንዲት የምትሠራ ሴት ስጦታቸውን ተቀብላ ወጥመዳቸውን ስታልፍ ማየቴ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ደስ አሰኝቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በአንድ በኩል ብቻ አስይዘሽ አታውቂም አይደል? ለአንድ ቀን እንኳን? ያኔ ነው ቁማር የሚሆነው። ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ እፈልጋለሁ።

ስለ ሃሴት አመሰግናለሁ። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

መልከጸዴቅ


ኦሮራ፣ ሐምሌ 22

ጋሼ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ሃሴት ኮል አድርጋ ቲማቲም መትከልዎን ነገረችኝ፤ በማስመሪያ ለክተው ነው አሉ የተከሉት። ሳቅኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ዕድሜ ይስጥዎ።

የጠየቁኝን በእመቤታችን ስም እመልሳለሁ፦ በአንድ በኩል ብቻ አስይዤ አላውቅም።

አሁን ግን መንገዱ እየተዘጋብኝ ነው። ድርጅቶቹ ሁልጊዜ የሚያተርፍ ሰው አይወዱም። አንዱ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዶላር በላይ እንዳላስይዝ ከለከለኝ፤ ሌላው ጭራሽ ዘጋኝ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው። እሱ ግን ትልቅ ነጻ ውርርድ ሰጥቶኛል፤ ከእስካሁኑ ሁሉ የሚበልጥ። ይኼ ከተሳካ ካጠራቀምኩት ጋር ሆኖ የሃሴት ተርም ይሞላል። ካልተሳካ አይሞላም።

ውርርዱ በአሥር ሺህ ሜትር የሴቶች ሩጫ ላይ ነው፤ የኛይቱ ልጅና ኬንያዊቷ፣ ከሁለቱ ማን ትቀድማለች የሚል። እኔ በነጻው አንዷን አስይዛለሁ። ሌላዋን የሚያስይዝልኝ ግን እዚህ ድርጅት አልቀረኝም። እናንተ ጋ በስልክ መወራረድ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ኦበርን ያለው ካዚኖ ውስጥ በአካል ሄዶ ማስያዝ ግን ይቻላል አሉ። ጋሼ፣ ምን እየለመንኩዎት እንደሆነ ይገባኛል። ያጠራቀምኩትን ልኬልዎታለሁ። ከፈቀዱ እርስዎ ለኛይቱ ልጅ ያስይዙልኝ። እኔ ለኬንያዊቷ አስይዛለሁ።

ካልፈቀዱ ምንም ቅሬታ የለኝም። ከልቤ ነው።

ሐመልማል


ዴ ሞይን፣ ነሐሴ 6

ሐመልማል፣

ሄድኩ።

በፍልሰታ ጾም፣ በሥራ ቀን፣ ኮት ለብሼ። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆምኩ፤ ማን እንዳያየኝ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ምክንያቱም እንደገባሁ ያየችኝ የሰበካ ጉባኤያችን አባል ባየሽ ናት። ለካ እዚያው ገንዘብ ተቀባይ ናት።

«ጋሼ መልከጸዴቅ! የጠፋብዎ ሰው አለ?»

«የለም።»

«መጸዳጃ ቤት ከሆነ በዚያ በኩል ነው።»

«ልወራረድ ነው የመጣሁት፣ ባየሽ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እርስዎ? ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የተሸጠውን ሎተሪ ‹ቁማር ነው› ብለው አልገዛም ያሉት?»

«ያኛው ቁማር ነበር። ይሄ አይደለም።»

«ኦኬ ጋሼ። እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ስሌቱን ላስረዳት ስጀምር ሰዓት እንደሌላት ነገረችኝና ወደ ማሽኑ ወሰደችኝ። ለማን እንደማስይዝ ስትጠይቀኝ «ለኛይቱ ልጅ» አልኳት። ፊቷ በራ። «ሶ ለአገርዎ ነዋ! ታዲያ ምን ያሸማቅቅዎታል?» ብላ ራሷ አዝራሩን አሳየችኝ። ትኬቱ ሲወጣ ተቀብላ ሳመችውና ሰጠችኝ። «እኔም በልቤ አስይዣለሁ» አለች።

ስወጣ፣ ሐመልማል፣ ቀጥ ብዬ ነው የወጣሁት። የመጣሁት እንደ ሌባ ነበር። «አስይዣለሁ» የሚለው አጭር መልእክትሽም መኪናዬ ጋ ስደርስ ደረሰኝ። ስለ ጥንቃቄሽ አመሰግናለሁ። አሁን ማን ቀደመ ማን ቀረ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ በሁለቱም በኩል ተይዟል። እሑድ እንደ ማንኛውም ሰው ሩጫውን እናያለን።

መልከጸዴቅ


ዴ ሞይን፣ ነሐሴ 11

ሐመልማል፣

አይተሻል መቼም። የኛይቱ ልጅ እስከ መጨረሻው ዙር እየመራች መጥታ ቀጥታው መንገድ ላይ ኬንያዊቷ አለፈቻት።

ከሃሴት ጋር ነበር የምናየው። ሃሴት ስለ ውርርዱ ምንም አታውቅም፤ እንደፈለግሽው አልነገርኳትም። ሶፋው ላይ ቆማ «ሂጂ! ሂጂ!» እያለች ስትጮህ፣ እኔም፣ ሰባኪው መምህር፣ አብሬያት ቆሜ ነበር። ስትቀደም ሃሴት ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታ ካሜራው አልለቃት አለ። እኔ ቁጭ አልኩና ማሰብ ጀመርኩ። የኔ ትኬት ወደቀ፤ የሐመልማል ግን ያሸንፋል፤ ስለዚህ ተርሙ ሞላ፤ ስለዚህ ሃሴት ትመረቃለች። ሃሴት ቀና ብላ አየችኝና፦

«አጎቴ፣ አር ዩ ስማይሊንግ?»

 ጥርሴን እንዳመመኝ ነገርኳት።

ሂሳቡ እንዳሰብነው ሄዷል። እንኳን ደስ ያለሽ። ድርጅቱ ከከፈለሽ ወዲያው ለዩኒቨርሲቲው እንዲገባ አድርጊ። በክሬዲት ካርድሽ ብትከፍዪ ካሽባኩ በካርድ ለመክፈል ከሚጠይቁት ተጨማሪ ክፍያ ይበልጥ እንደሆነ አስልተሽ እይ፤ ካልበለጠ ከባንክ ይሂድ።

ደስ ያለኝ አልመሰለኝም። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂ ይሆናል።

መልከጸዴቅ


ዴ ሞይን፣ ነሐሴ 27

ሐመልማል፣

ጾሙ ተፈታ፤ ከአንቺ ግን ድምፅ የለም። ሃሴት «ማሚ ደህና ናት፣ ሺፍት በዝቶባት ነው» ትለኛለች። ሺፍት የበዛበት ሰው ለልጁ ይደውላል፤ ለእኔ የማይጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ድርጅቱ አልከፍልም አለሽ? ውሉን ላኪልኝ፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ቁጣዬ ይጠቅመናል። አሞሽ ከሆነ ደግሞ ንገሪኝ፤ እመጣለሁ።

አስቀይሜሽ ከሆነም ንገሪኝ። በምን እንደሆነ ግን በግልጽ ጻፊው።

መልከጸዴቅ


ኦሮራ፣ ጳጉሜን 3

ጋሼ፣

አላመመኝም። አላስቀየሙኝም። ድርጅቱም አልበደለኝም።

ለኬንያዊቷ አላስያዝኩም።

ልጻፈው ብዬ ስንት ጊዜ ጀመርኩት። ነጻው ውርርድ ለሁለቱም ልጆች እኩል ይሠራ ነበር፤ ስልኩን ከፍቼ የኬንያዊቷን ስም ነካሁ። «አረጋግጪ» የሚለው ብቻ ነበር የቀረኝ። እግር ኳስ ሲሆን እኮ ማንም ይሸነፍ ማን ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ማልያ ነው የማየው። በዚያ ሳምንት ግን የልጅቷን እናት በቴሌቪዥን አቅርበዋት ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄ ደክማለች፣ ጸልዩላት» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም እዚያው ሻትል ማቆሚያው ላይ ሆኜ «አሜን» ብያለሁ። አሜን ካልኩ በኋላ የዚያች ሴት ልጅ ብትወድቅ የእኔ ልጅ ትማራለች ብዬ እንዴት ላስይዝ? በዚያ ገንዘብ ብትመረቅ፣ የምረቃ ካባዋን ለብሳ ስትመጣ በምን ዓይን አያታለሁ?

እጄ እምቢ አለኝ። ለኛይቱ አስያዝኩ። «ሁለታችንም ለእሷ ካስያዝን፣ ካሸነፈች ከሁለቱም ይከፈለናል» ብዬ በልቤ አላሰብኩም ብል ደግሞ እዋሻለሁ። አስቤያለሁ። እርስዎ ሰኔ ላይ የጠየቁኝ ይኸው ነው። ያኔ የማልኩት እውነት ነበር፤ አሁን ግን ቁማር ተጫውቻለሁ።

ነጻውም ጠፋ፤ የላክሁልዎትም ጠፋ። ተርሙ አልሞላም። እርስዎን ካዚኖ አስገብቼ፣ በባየሽ ፊት አሳፍሬዎ፣ ሁሉን በአንድ ጣት አበላሸሁት። የዝምታዬ ምክንያት ይኸው ነው። ሃሴትን ቀጣዩን ተርም እንድትጠብቅ እነግራታለሁ። የምነግራት እኔ ነኝ፤ እባክዎ እርስዎ እንዳይነግሯት።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ለሁሉም አመሰግናለሁ።

ሐመልማል


ዴ ሞይን፣ መስከረም 2

ሐመልማል፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ጮህኩ። ጎረቤቴ ዱሬሳ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ቆሞ አየኝ። እጄን አወዛወዝኩለት፤ እሱም አወዛወዘልኝና ሄደ። ስለዚህ ጩኸቱ አልቋል፤ አንቺ የሚደርስሽ የተረፈው ነው።

ስሌቱን አፍርሰሻል። ተማሪዬ ብትሆኚ እጥልሽ ነበር። ልብሽ ካልፈቀደ ሁለቱንም መተው ትችዪ ነበር፤ ለእኔ «ትኬቱን ይመልሱት» ማለት ትችዪ ነበር። ይህን ሁሉ እንደምታውቂ አውቃለሁ፤ ሳልጽፈው ማለፍ ግን ከአቅሜ በላይ ነው።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። ሃሴት ፈገግ እያልክ ነው ወይ ስትለኝ፣ አዎ፣ ፈገግ ብዬ ነበር። አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ሳሎኔ ውስጥ ፈገግ አልኩ፤ ስሌቱም አንዲት ስህተት አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ፈገግታ ስታንቀኝ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ለቀቀችኝ። ለካ ከዚያች ልጅ መውደቅ ያገኘነው ነገር የለም። በማጣታችን ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው። አመሰግንሻለሁ።

ሌላም አለ። ነጻው ውርርድ ለሁለቱም ልጆች እኩል ይሠራ ነበር ብለሻል። እንግዲያውስ የትኛዋን ለእኔ እንደምትሰጪ ስትመርጪ፣ ንጹሕ የሆነውን ወገን ለእኔ ሰጥተሽ፣ የሚያስጠላውን ለራስሽ አስቀርተሽ ነበር። እኔ ከካዚኖው ቀጥ ብዬ የወጣሁት አንቺ በትከሻሽ ስለተሸከምሽልኝ ነው። ሐምሌ ላይ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ይህን አላየሁም፤ ሌላውን ሰው «በደንብ አንብብ» እያልኩ የምኖር ሰው።

ሰኔ ላይ ስለ ሃሴት የማመሰግንሽ ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብዬሽ ነበር። ልዑልቃል ከሞተ በኋላ ቤቴ ሰው አይመጣም ነበር። የሚመጣም ሻዩን ሳይጨርስ ይነሣ ነበር። ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ሃሴት ስጮህ አትሄድም። መልሳ ትጮህብኛለች፤ ከዚያ «እራት ምንድን ነው?» ትለኛለች። ይህን የሚያክል ነገር ለሰው ማን ይሰጣል? ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ባለዕዳ ነኝ ብለሽ ስታስቢ ኖረሻል፤ ሂሳቡን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው። ልጅሽን ሰጥተሽኝ አንድ ክፍል ነው የመለስኩልሽ።

ምዝገባው አርብ ይዘጋል። ቃሌ ቃል ነው፤ ያለ ፈቃድሽ አልከፍልም። ሃሴትንም እንዳልሽው አልነገርኳትም። ልክፈል ብዬ ስጠይቅሽ ግን ልርዳሽ ማለቴ አይደለም። ሰው ምስጋናውን የሚያደርስበት ቦታ ካጣ ይታነቃል፤ እኔ ደግሞ በሌላ መንገድ ማመስገን አልችልበትም። ልጅሽን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ይህን ማንም፣ እኔም ጭምር፣ አይወስድብሽም።

ፍቀጂልኝ።

መልከጸዴቅ


ኦሮራ፣ መስከረም 5

ጋሼ፣

ለሃሴት ሁሉንም ነገርኳት። ውርርዱን፣ ኦበርንን፣ ልጅቷን፣ እናቷን። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ማሚ፣ አይ ውድንት ሃቭ ደን ኢት ኢይዘር» አለችኝ፤ እሷም ብትሆን ለኬንያዊቷ አታስይዝም ነበር። ቀጥላም በአማርኛ፦ «አጎቴ ካዚኖ ገባ? ኮት ለብሶ?» አለችና እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ይህንን እየጻፍኩልዎ ከጎንዎ እየሳቀች ይሆናል፤ አይቆጧት።

አካውንቱን ዘግቻለሁ። ካርዱ ለአስቤዛ ቀርቷል።

ደብዳቤዎን ለዘካሪያስ አነበብኩለት። «ሰውየው ሲያመሰግን እንደዚህ ከሆነ ሲሳደብ እንዴት ነው?» አለኝ። እኔ ግን ሻትሉን አቁሜ ብቻዬን እንደገና አነበብኩት። ለሦስት ዓመት እምቢ ያልኩት በትዕቢት እንዳልነበረ ያውቃሉ። ከተቀበልኩ የማንስ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ራሴን አየሁት፤ ያነስኩ አልመሰለኝም።

እሺ ጋሼ፣ ይክፈሉ። ደረሰኙን ግን እንዳይልኩልኝ።

ሐመልማል